ጨው የነካው ሐር

ጠሂራ ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር ጨርቅ መሸጥ ከጀመረች ሃያ ዓመቷ ነው፤ እንዲህ ያለ ደንበኛ ግን ገብቶላት አያውቅም። ሰውዬው ከላይ እስከ ታች ነጭ የባሕር ኃይል ልብስ ለብሷል፤ ትከሻው ላይ የወርቅ ማዕረግ ተደርድሯል። ፊቱን ፀሐይ አጥቁሮታል፤ ሲቆምም መሬቱ የሚወዛወዝበት ይመስል እግሮቹን ከፈት ያደርጋል።

አረንጓዴውን ሐር አንሥቶ ጠርዙ ላይ ያለውን ነጭ እድፍ በጥፍሩ ፋቀና ቀመሰው።

«እትዬ፣ ይህ የባሕር ጨው ነው፤ ጨርቁ ከየት መጣ?»

ጠሂራ ደነገጠች። ሐሩ በኮንትሮባንድ እንደገባ ታውቃለች፤ ያላትን ጥሪት ሁሉ ያፈሰሰችውም እሱ ላይ ነው።

«ከነጋዴ ነው የገዛሁት፣ ጌታዬ።»

«አይደንግጡ፣ ጉምሩክ አይደለሁም» አለና ሳቀ። «አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ከምጽዋ እየተነሣሁ የኮንትሮባንድ ጀልባ ሳሳድድ ኖሬያለሁ። ይህን ሐር የጫነው ሰውዬ ግን ሦስት ቀን አንከራቶኝ፣ ግማሹን ሐር ባሕር ላይ ጥሎ አመለጠኝ። ለባለቤቴ ቀሚስ የሚበቃ ይቁረጡልኝ። በዚህ ጨርቅ የተነሣ ፋሲካን ብቻዋን ነው የዋለችው፤ እንግዲህ ትልበሰው።»

ጠሂራ ትንፋሿ ተመለሰላትና መቀሷን አነሣች።

«ቁመታቸው ምን ያህል ነው?»

መኮንኑ እጁን ትከሻው ላይ አደረገ። ጥቂት አሰበና ወደ አገጩ ከፍ አደረገው፤ መልሶ ደግሞ ዝቅ አደረገው።

«ትንሽ አስረዝመው ይቁረጡት» አለ እያፈረ።

ጠሂራ ሳቋን ዋጥ አድርጋ አንድ ክንድ መረቀችለት።