የሐጂ ሰዒድ ኢሕራም

ሁለት ዓመት ያልሞላ ሥራ ትዝታ ይባላል ወይ? እንጃ። ዘንድሮ የኮሌጅ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የማውቀው ሙያ ልብስ ማጠብ ብቻ ነው። ከሳፋና ከካውያ ጋር ለምትውሉ ባልደረቦቼ ቢጠቅም ብዬ ጻፍኩት።

ሥራ የጀመርኩት መካ፣ ዑተይቢያ ሰፈር፣ ጋሼ ኑርዬ በሚያስተዳድሩት የልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። ጋሼ ኑርዬ እዚያው ያረጁ የወሎ ሰው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ሰገነት ላይ አወጡኝ። የሐጃጆች ነጭ ልብስ፣ ኢሕራሙ፣ በገመድ ላይ ተሰጥቷል። ነፋሱ ሲሞላው ቤቱ በሙሉ ቀስ እያለ የሚጓዝ መሰለኝ።

«ኸላስ፣ ሕልምህን ጨርስ። ያላ፣ ውረድ!» አሉኝ።

ታች የተጨማደደ ቁራጭ ጨርቅ ሰጡኝ። ውሃ ረጨሁ፣ ተኮስኩት፣ ተቃና። ሌላ ቁራጭ ላይ ካውያውን አስቀምጠው አሳረሩት። «ይኼንንስ አቃናው እስቲ!» ውሃ ረጭቼ ተኮስኩት፤ አልተቃናም። «የተጨማደደው ያው ጨርቅ ነው። ያረረው ግን ሌላ ነገር ሆኗል። ከመንካትህ በፊት ለይ።»

አንድ ቀን እትዬ ዘሃራ የሚባሉ ሴት ከጅዳ መጡ። ባለቤታቸው ሐጂ ሰዒድ ወደብ ላይ ሲሠሩ ኖረው አሁን በጠና ታመዋል። ሐጅ ያደረጉ ጊዜ፣ ሲሞቱ የሚከፈኑበት እንዲሆን ኢሕራማቸውን በተቀደሰው የመካ ውሃ፣ በዘምዘም፣ ነክረው፣ ቤት ወስደው የብረት አልጋ ራስጌ ላይ አስጥተውት ነበር። ጨርቁ ገግሟል፤ መሃሉ ላይ ቀይ የዝገት መስመር አለ።

«ነጭ አድርጉልኝ» አሉ። «ዘምዘሙን ግን እንዳታጥቡብኝ።»

ጋሼ ኑርዬ ሳቁ። «ዘሃራ እህቴ፣ ሳይታጠብ እንዴት ይነጣል? ዘምዘም እንደሆነ መካ ሞልቷል፣ በባልዲ እሰጥሻለሁ።»

«እሱ በእጁ የነከረበትን ከየት ታመጣልኛለህ?»

ጋሼ ሳቃቸውን ዋጡት።

በረኪና ላነሳ ስል ጋሼ እጄን ያዙኝ። «ዝገትን ያጸናዋል። ሎሚ ነው የሚያስለቅቀው። ሎሚው ደግሞ በብዙ ውሃ መታጠብ አለበት።»

የገገመው ጫፍ ላይ ውሃ ጠብ አደረግኩ። ለሰለሰ። «ጋሼ፣ ተኖ የሄደው ውሃው ብቻ ነው። የዘምዘሙ ጨው እዚሁ አለ። አስቀድመን በጥቂት ንጹሕ ውሃ እናውጣውና ውሃውን እናስቀምጠው። ሎሚው ታጥቦ ሲያልቅ መልሰን እንነክረዋለን።»

«አቤት ተማሪ!» አሉ። ግን አዲስ ሳፋ አወጡ።

ጨርቁን ዘፈዘፍነው። ስናወጣው እትዬ ዘሃራ የተረፈውን ውሃ ታቅፈው ተቀመጡ። ዝገቱ ላይ ሎሚና ጨው አድርገን ፀሐይ ላይ ተውነው። መስመሩ እየደበዘዘ ጠፋ፤ ዝገቱ የበላው ክር ግን ሳስቶ ቀረ። በደንብ አለቀለቅነውና እትዬ ዘሃራ ያቀፉት ውሃ ውስጥ በእጃቸው ነከሩት።

ሰገነት ላይ፣ በገመድ ላይ አሰጣነው። እትዬ ዘሃራ በጥላው ሥር ተቀምጠው ጠበቁ። ነጩ ጨርቅ ከራሳቸው በላይ እየተነፋ ይመለስ ነበር። ሲደርቅ ጫፉን ዳበሱት። እንደገና ገግሟል።

«አለ» አሉ። «አልሄደም።»

የገገመ ጨርቅ ሲመጣላችሁ መጀመሪያ ውሃ ጠብ አድርጉበት። በውሃ የሚለቅ ነገር ውሃው ሲተን ይመለሳል። የዛገና ያረረ እንደነበረው አይሆንም።

ሐጂ ሰዒድ በዚያ ጨርቅ ተከፍነው የተቀበሩት በ1977 ዓ.ም.፣ በነሐሴ ማለቂያ ነው።