ዳጉ ሳልሰጥ

ደሴቲቱ ከአሰብ ሆነው ሲያይዋት ቅርብ ነች። በጀልባ ሲኬድ ግን ፀሐዩ አናት ይበሳል። እኔ ደግሞ መጠበቅ አልፈጠረብኝም። ባለጀልባው "ነፋሱ እስኪነሳ" ብሎ ሲጋደም "ቀዘፋ አታውቅም እንዴ?" አልኩት። ሳቀብኝ።

ልጅነቴ እዚያ ነው ያለፈው። አባቴ የመርከቦች መብራት ጠባቂ ነበር። አማርኛ የሚነገረው እኛ ቤት ብቻ ነው፤ ሌሎቹ የአፋር ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ከነሱ መሀል እናት አባቷ ሞተውባት አጎቷ የሚያሳድጓት እኩያዬ ከእናቴ ጓዳ አትጠፋም ነበር። እኔ አፋርኛ ከሷ ተማርኩ፣ እሷ አማርኛ ከእናቴ። አባቴ ወደ አሰብ ወደብ ተዛውሮ ከደሴቲቱ ስንወጣ "ሳድግ መጥቼ እወስድሻለሁ" አልኳት። ልጅ እንዲህ ይላል። እኔ ግን የምሬን ነበር።

ባለፈው ሐምሌ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ አሰብ ተመለስኩ። አንዲት አዋላጅ የእናቴ ወዳጅ አለች። የአፋር ሴቶች ምጥ ይዟቸው ሲመጡ እነሱ አማርኛ አያውቁ፣ እሷ አፋርኛ አታውቅ፤ በእጅ ምልክት ነው የምታዋልዳቸው። "ሁለቱንም የምትችል ሴት ብታመጪልኝ ነገውኑ አስቀጥራት ነበር" አለችኝ። ሌላ ማን አለ? ጓደኛዬ በአፋር ደንብ ላሳደጓት አጎቷ ልጅ የታሰበች እንደሆነች አውቃለሁ፤ ገና እንዳልተጋቡም ሰምቻለሁ። ስለዚህ ቸኮልኩ።

አጎቷ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር የሰሌን ጥላ ስር ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ። አወቁኝ።

"የመብራቱ ልጅ! አንቺ ነሽ ያደግሽው ወይስ እኔ ነኝ ያጠርኩት? ነይ ተቀመጪ። ዳጉ?"

ዳጉ እንዲሁ ወሬ አይደለም። የመጣ ሰው ይቀመጥና ከተነሳበት ጀምሮ ያየውን የሰማውን በተራ ይናገራል፤ ምን መርከብ ቆሟል፣ የት ዘነበ፣ ማን ታመመ፣ በይሉል ወደብ ዓሣ አለ ወይ። ማንም አያቋርጠውም። ጉዳይ ካለውም እዚያው መሀል እንደ ሌላው ወሬ ጣል ያደርገዋል። ከዚያ የተቀመጡት ተራቸውን ይሰጣሉ። ይህን ከልጅነቴ ነው የማውቀው።

"ሰላም ነው አባባ፣ ሁሉም ሰላም ነው" አልኩ እንደቆምኩ። "ልጅቷን ልወስዳት ነው የመጣሁት። ሥራ አግኝቼላታለሁ። ጀልባው እየጠበቀኝ ነው።"

መረቡ ላይ የነበረው መርፌ ቆመ።

"ከአሰብ እስከዚህ ምንም አላየሽም?" አሉኝ አንዱ ሽማግሌ።

"ምን ይታያል? ባሕር ነው።"

"ዓይኗን ትምህርት ቤት ረስታው መጥታለች" አሉ ሌላው፤ ሁለቱ ሳቁ። አጎቷ አልሳቁም።

"የማንን ልጅ ነው የምትወስጂው?"

"እሷው ትናገራ! ዕቃ ናት እንዴ?"

"ለእንግዳዋ ሻይ ስጧት" አሉና ወደ መረባቸው ተመለሱ። ሻይ መጣ። ከዚያ በኋላ ማንን ብጠይቅ፣ ምን ብጠይቅ፣ መልሱ "ሰላም ነው፣ ሁሉም ሰላም ነው" ሆነ። የራሴኑ መለሱልኝ።

ጓደኛዬ ለካ ከጎጆው ጀርባ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ጀልባው ጋ ደረሰችብኝ። አልተሳሳምንም። አማርኛዋ ዛሬም የእናቴ የጎጃሙ አማርኛ ነው።

"ምነው አፍሽን ብትይዢው!"

"እውነቱን ነው የተናገርኩት።"

"እውነቱንማ። ቁጭ ብለሽ ስለ መርከቡ፣ ስለ ዓሣው ብለሽ፣ መሀል ላይ 'ሴቶቻችሁ በምጥ ይሰቃያሉ፣ ቋንቋቸውን የሚሰማ የለም' ብትይ፣ 'የኛ ልጅ አለችላችሁ' የሚለው አጎቴ ራሱ ነበር። የመጀመሪያ ሚስቱ በምጥ ነው የሞተችበት። አሁን በሽማግሌ ፊት 'ልወስዳት ነው' አልሽው። እንዴት ብሎ እሺ ይበል?"

"አንቺስ? አልፈለግሽም?"

"ማን ሲጠብቅሽ የኖረ መሰለሽ?"

"እንግዲያውስ ግቢ! አሁኑኑ ግቢ ጀልባው ውስጥ!"

ቆማ አየችኝ። "አሁንም ትቸኩያለሽ" አለችና ተመለሰች።

"ፈሪ!" ብዬ ጮህኩባት። ባለጀልባው ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ። እስካሁን ግማሽ ልቤ ፈሪ ናት ይላል። ያሳደጓት ሰው እንዲያፍሩ አልፈለገች ይሆናል፤ እኔን ግን ማን አሰበልኝ?

ብዙም ሳይቆይ ገበያ ውስጥ አንዲት የማላውቃቸው የአፋር አሮጊት፣ የፍየል ወተት የሚሸጡ፣ ጠሩኝ።

"ከደሴቲቱ ልጅ ልትወስጂ የሄድሽው አንቺ ነሽ?"

ያልኩትን ሁሉ ቃል በቃል ነገሩኝ። የመርፌውን መቆም አልረሱም፤ "ፈሪ" ማለቴንም አልረሱም። ጨምረው ደግሞ "ሠርጉን አቅርበውታል" አሉ።

"እሷስ? ምን አለች?"

"በይ መጀመሪያ አንቺ" አሉ፣ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ገልብጠው እየሰጡኝ። "ዳጉ?"

ተቀመጥኩ። ከአዲስ አበባ ከተነሳሁበት ጀመርኩ። ስለ መንገዱ፣ ወደቡ ላይ ስለቆሙት መርከቦች ተናገርኩ። ቋንቋቸውን የሚሰማ አጥተው ስለሚያምጡት ሴቶች ስደርስ አሮጊቷ "እህ" እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንዴት አሳምሬ ተናገርኩ፤ ቀኑ ከተቆረጠ በኋላ!

ስጨርስ ተራቸውን ሰጡ። ስለ ዝናብ ነገሩኝ፣ ዒድ ከተማ ስለታመመ ሰው ነገሩኝ፣ ስለ ፍየሎቻቸው ነገሩኝ። አላቋረጥኳቸውም።

"ልጅቷ ስላለችው ግን" አሉ በመጨረሻ፣ "የመጣ ወሬ የለም።"