መንገድ ላይ የጎደለው አጥሚት

የአጃ ዱቄት መንተክተክ ጀምሮ ቅቤው ከላይ ሲቀልጥበት የሚወጣው ሽታ ሌላውን ሰው ያስርበው ይሆናል፤ እኔን ግን ፊቴን ያቃጥለኛል። ልጄ ህይወት የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኗ ነው። እኔም ላርሳት ብዬ ከዳባት ደባርቅ መጥቼ፣ ከባሏ ጋር በተከራየችው ቤት ውስጥ በቀን ሦስት ጊዜ አጥሚት እሠራለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ጀርባዬን ለሰው ሰጥቼ ነው የማማስለው። ሕፃኗ ታለቅሳለች። አንድ ክንድ የማትሞላ ፍጥረት፣ ድምፅዋ የጣራውን ቆርቆሮ አልፎ መኪና መንገዱ ድረስ ይሰማል። ብናቅፋት፣ እሹሩሩ ብንላት፣ ሆዷን በሞቀ ጨርቅ ብንይዝላት፣ ጡቱን ትንሽ ትስብና ፊቷን አዙራ እንደገና ትጀምራለች። ጤና ጣቢያ ወስደናት ምንም የላትም፣ እናትየዋ ደህና አድርጋ ትብላ፣ ቶሎ ቶሎም ታጥባት ብለው መልሰውናል።

ትናንት ከምሳ በኋላ የህይወት አማት እትዬ ደብሬ ሕፃኗን ከእጄ ተቀብለው ሲያወዛውዟት ቆዩና፣ በሩን አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ይች ልጅ ሰው በልቷታል።»

«ማን ይበላታል፣ እትዬ?» አልኩ።

«ያች ጸጉር ሠሪ ናታ። በሦስተኛው ቀን መጥታ፣ ዓይኗ እንዴት ያምራል እያለች አፍጥጣ አላየቻትም? እንትፍ እንኳ አላለችም። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ደጃፍ ድርሽ እንዳትል እነግራታለሁ። ለአከራዩም እነግራለሁ፤ ቤት አይጠፋም፣ ሌላ ትፈልግ።»

ጸጉር ሠሪ ያሏት ትርንጎን ነው። ከበየዳ መጥታ እዚያው ግቢ አንዲት ክፍል የተከራየች፣ የህይወትን ጸጉር ከመውለዷ በፊት በነፃ የሠራችላት፣ የሕፃኗን ጨርቅ ሳትጠየቅ አጥባ የምታሰጣ ልጅ ናት። ህይወት አልጋዋ ላይ ሆና ልክ ነው አላለችም፣ አይደለምም አላለችም፤ ልጇ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ያለቀሰችባት ሴት የተባለውን ሁሉ ታምናለች። እኔም ማማሰያውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ያደግኩበት መንደር ከዳባት ወጣ ብሎ፣ ገደሉ ከመጀመሩ በፊት ያለ ነው፤ ጠዋት ጉሙ ከታች ወደ ላይ እየወጣ ከብቱንም ሰዉንም ውጦ፣ ፀሐይ ሲበረታ አንድ በአንድ መልሶ ይተፋን ነበር። በዚያ ዓመት ገብሱን ውርጭ መታው። ያለችው እህል እስከ ክረምት እንድትዘልቅ አባቴ ጎተራውን ራሱ ይከፍት ጀመር፤ እኛም በልተን ስንነሳ የበላን አይመስለንም ነበር። እናቴ ታናሽ እህቴን አስናቀችን የወለደችው በዚያ ዓመት፣ ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። መንደሩ ሁሉ ጾም ላይ ስለነበር ቅቤ የሚባል ነገር ከአራስ በቀር ማንም አይቀምስም፤ ያም ቅቤ የነበረው ከወንዙ ማዶ፣ የአባቴ እህት አክስቴ ጥሩዬ ቤት ነው። ላሟ የምትታለብ እሷ ብቻ ነበረች። ስለዚህ አጥሚቱን ጥዋትና ማታ እሷ ትሠራለች፣ እኔ ወንዙን ተሻግሬ አመጣለሁ። ትምህርት ቤት ያቋረጥኩትም ያን ጊዜ ነው፤ በኋላ ብመለስም ከሦስተኛ ክፍል አላለፍኩም።

ወንዙ ዳር እትዬ ማንጠግቦሽ ትኖር ነበር። ሸክላ ሠሪ ናት፤ እስከ ክንዷ ጭቃ፣ ጥርሷ ግን ወተት የመሰለ፣ ብቻዋን የምትስቅ ሴት። የሠራችውን ዕቃ ሁሉ በመንደሩ ሰው ስም ትጠራው ነበር፤ ሆዱ የተዘረጠጠውን ጋን በአንድ ደብተራ ስም፣ አፏ ሰፊ የሆነችውን እንስራ በአክስቴ ስም። እኔም እስቅና እናቴ እንዳትሰማ አፌን በእጄ እይዛለሁ፤ ሴቶቹ ዕቃዋን ይገዛሉ እንጂ ቤቷ ገብተው አይቀመጡም ነበርና። ለአራሷ አጥሚት መያዣ እንዲሆን ክዳን ያላት ትንሽ ማሰሮ የሠራችልኝም እሷ ናት። እንዳያቃጥለኝ ከጎኗ ጆሮ አውጥታላታለች። «ባንቺ እጅ ልክ ነው፤ ሌላ ሰው ቢይዛት ትቆጣለች» አለችኝ። ሕፃኗ በተወለደች በሦስተኛው ቀን ማሰሮዋን ራሷ አምጥታ፣ እናቴን እንኳን ማርያም ማረሽ አለቻት፤ ሕፃኗንም ከደጃፍ አንገቷን ብቅ አድርጋ አይታ «ቀይ፣ እንደ አባቷ» ብላ ሄደች።

መጀመሪያ የላስኩት ክዳኑ ላይ የወጣውን ነው። እሱ መቼም ይፈሳል ብዬ። በማግስቱ ከአፉ ትንሽ ፉት አልኩ። ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። ወንዙ ጋ ስደርስ ግራ ቀኝ አይቼ እንበረከካለሁ፤ ሦስት ጉንጭ፣ አንዳንዴ አምስት፣ ሙቁ በደረቴ ሲወርድ ዓይኔን እጨፍናለሁ። የጎደለውን በወንዙ ውሃ ሞልቼ፣ በጣቴ አማስዬ ክዳኑን እገጥማለሁ። ጾም መግደፌን አውቃለሁ፤ ማታ ማታ እመቤቴ ማርያም ነገ አልጠጣም እላታለሁ፤ ጥዋት እግሬ ራሱ ወንዙ ጋ ይቆማል። እናቴ አንድ ቀን ቀምሳ «አጥሚቱ ቀጠነሳ» አለች፤ ወዲያው ደግሞ አፍራ፣ «ምን ታርግ፣ ዘመኑ ነው፤ እሷስ ከየት ታምጣው» ብላ ያንኑ ውሃ እስከ መጨረሻው ጠጣችው። በባልዋ እህት ላይ አጉረመረመች እንዳይባል ነው። አክስቴም በበኩሏ ወፍራም አጥሚት፣ ከላይ ጣት የሚሞላ ቅቤ ያለው ስትልክ ነው የከረመችው። እኔ በመካከላቸው እየተመላለስኩ፣ ሁለቱ ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አልተነጋገሩም።

አንድ ቀን ከወንዙ ቀና ስል እትዬ ማንጠግቦሽ ጭቃ ተሸክማ ቆማለች።

«ከንፈርሽ ላይ ቅቤ አለ፣ ጥረጊው» አለችኝ።

ጠረግኩት። ጭቃዋን አውርዳ ቤት ገባችና የገብስ ቆሎ በእፍኟ ይዛ ወጣች። «ሲርብሽ እኔ ጋ ነይና ይኸን ያዥ፤ ያንን ለእናትሽ ተይላት። እሺ፣ የኔ ሸጋ?» እሺ አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለፍኩ ቁጥር ቆሎ ትሰጠኛለች። እኔም ቆሎውንም እበላለሁ፣ አጥሚቱንም እጠጣለሁ።

አስናቀች ማልቀስ የጀመረችው ያን ሰሞን ነው። መጀመሪያ እንደማንኛውም ሕፃን፣ ቀጥሎ እንደሚታረድ ፍየል፣ በኋላ ደግሞ ድምፅዋ ሰልሎ ክር የመሰለ፣ እሱም አያቋርጥም። አባቴ ጠበል አመጣ። እናቴ ጡቷን ይዛ ታለቅሳለች። ጎረቤት በየተራ ያቅፋል፣ ያባብላል፣ ይመልሳል። እኔም አቅፌ እሹሩሩ እላለሁ፤ የእኔ እጅ መሆኑን ስትለይ ይበልጥ የምትጮህ ይመስለኝ ነበር። እንድትሞት የፈለግኩ እንዳይመስላችሁ። ዝም እንድትልልኝ ብቻ ነበር የምፈልገው፣ እንዳትናገርብኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሴቶቹ ቤታችን ተሰበሰቡ። አክስቴ ጥሩዬ መሐል ቆማ፣ ሕፃኗን ማን ማን እንዳያት በጣቷ እየቆጠረች መጣችና ማንጠግቦሽ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ሸክላ ሠሪ ናት፣ ባል የላትም፣ ቀይ ብላ አየቻት፣ ደግሞስ ማሰሮዋ እዚሁ ቤት ውስጥ ጥዋትና ማታ ይገባል። አንዲት ሴት እንኳ አይሆንም አላለችም። ማሰሮው ይሰበር ተባለ። አክስቴ ማሰሮዋን ከመደቡ አንስታ እኔ እጅ ላይ አኖረቻት። «አንቺ ነሽ ያመጣሽው፣ አንቺ ስበሪው» አለችኝ። ደጃፉ ድንጋይ ላይ ጣልኳት። ቀላል ነበረች፤ ድምፅዋም ትንሽ ነበር። ጆሮዋ ሳትሰበር ተንከባልላ እግሬ ሥር ቆመች።

ወሬው ደርሷት ይሁን ጩኸቱን ሰምታ፣ እትዬ ማንጠግቦሽ መጣች። አጥሩን አላለፈችም። ስባሪውን አየችና ጭቃ ያለበት እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች፣ «ሕፃኗ ርቧት እንዳይሆን። እናትየዋን አጥብቃችሁ አብሏት» አለች።

«እኔ ነኝ የማላበላት?» አለች አክስቴ። «ጎታዬን ሙጥጥ አድርጌ፣ ቅቤዬን አራግፌ እየላክሁ? አንቺ አላፊው አግዳሚው የሚያውቅሽ፣ ደሞ ታስተምሪኛለሽ?»

እትዬ ማንጠግቦሽ ያን ጊዜ ዓይኗን ወደ እኔ መለሰች። ብዙ አይደለም፤ አንድ ጊዜ። እኔ እግሬን አየሁ። አክስቴ «አየቻት! ይችንም አየቻት!» ብላ ነጠላዋን ጭንቅላቴ ላይ ጣለችብኝ። ነጠላው ውስጥ ጨለማ ነበር፤ ያ ጨለማ ደስ ብሎኝ እንደነበር ነው ማንም የማያውቅብኝ። ስወጣ አጥሩ ጋ ማንም የለም። አንዲት ቃል ብትናገር ያድናት ነበር፤ የይች ልጅ ከንፈር ላይ ቅቤ አይቻለሁ ብትል በቂ ነበር። አልተናገረችም።

ከዚያ በኋላ አጥሚቱን በቆርቆሮ ጣሳ ማመላለስ ጀመርኩ። ፍርሃት ያዘኝ፤ አንድ ጠብታ እንኳ አልቀመስኩም። እናቴ ወፍራም አጥሚት ጠጣች፣ ጡቷ ሞላ፣ በአምስተኛው ቀን አስናቀች ጡቱን ጠብታ ጠግባ ተኛች። ሴቶቹ እልል አሉ። ይኸው፣ ማሰሮዋ ከተሰበረ በኋላ ለቀቀቻት ተባለ። የእኔ መታቀብ የሷ ጥፋት ማስረጃ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ከእሷ ዕቃ የሚገዛ ጠፋ፤ ሴቶቹ ውሃ የሚቀዱት ዙረው ከላይኛው ምንጭ ሆነ። ፋሲካ አልፎ ብዙም ሳይቆይ የቀሯትን ገንቦዎች ጭድ ውስጥ አድርጋ፣ አህያ ላይ ጭና፣ ወደ ጃን አሞራ በኩል ሄደች። እኔ ከቤታችን ኋላ ሆኜ አየኋት። አህያው ቀስ ይል ነበር፤ ሮጬ ብጠራት እደርስባት ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ አግኝቻታለሁ። አግብቼ፣ ህይወትን አዝዬ ደባርቅ ገበያ ወጥቼ፣ ሸክላ ተራ መሬት ላይ ተቀምጣ አየኋት። ጸጉሯ ነጥቷል፤ ጥርሷ ያው ነው። ለየችኝ። «ያች ሕፃን አደገች?» አለችኝ። «አደገች» አልኳት። «እሰይ» አለች፤ ከልቧ ነበር። አንዲት ማሰሮ ገዝቼ ሄድኩ። ሌላ ገበያ ቀን እነግራታለሁ እያልኩ ሁለት ዓመት አለፈ፤ ከዚያ አንዲት የመካነ ብርሃን ሴት ማረፏን ነገረችኝ። አስናቀች ዛሬ ጎንደር ናት፣ የሦስት ልጆች እናት፣ ወፍራምና ሳቂታ፤ ሰው ሲሰበሰብ «እኔ እኮ አራስ ቤት ሸክላ ሠሪ በልታኛለች» እያለች ታስቃለች። እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ትናንት ግን እትዬ ደብሬ ትርንጎን ከሥራዋ ሊጠሩ ነጠላቸውን ሲያጣፉ፣ «ይቀመጡ፣ እትዬ» አልኳቸው። ድስቱን አወረድኩና ይኸን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ለእሳቸውም፣ ለልጄም። ወንዙን፣ ሦስቱን ጉንጭ፣ ቆሎውን፣ ነጠላውን። አንድም ጊዜ ቀና አላልኩም። ሕፃኗ በመሐል ታለቅስ ስለነበር አንዳንዱን ሁለት ጊዜ መናገር ነበረብኝ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል።

«ልጅ ነበሩ እኮ» አሉኝ እትዬ ደብሬ ስጨርስ።

«ገበያው ላይ ልጅ አልነበርኩም» አልኳቸው።

ነጠላቸውን መልሰው ሰቀሉት። በሩም አልተዘጋም። አሥር ሰዓት ላይ ትርንጎ ከሥራዋ ገብታ፣ ምንም ሳታውቅ፣ «ትንሽ ልያዝላችሁ፣ እናንተ ዕረፉ» ብላ ሕፃኗን አቀፈቻት፤ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስትል ከመስኮቱ ይታየኝ ነበር። ሕፃኗ ያው ታለቅሳለች። ምክንያቱን እስካሁን አናውቅም።

ከዚያ አጥሚቱን አሙቄ፣ በኩባያ ቀድቼ ለህይወት ሰጠኋት። ተቀበለችኝ። ወደ አፏ ከማስጠጋቷ በፊት ግን ኩባያውን ዘንበል አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ ውፍረቱን አየችው። ሳታስበው ነው ያደረገችው፤ ወዲያው ደንግጣ ዓይኗን አነሳች፣ ዓይናችን ገጠመ፣ ጠጣችው። አልተቀየምኳትም። ያን ዓመት ሁላችንም የአንዲትን ሴት ዓይን ስናይ ከረምን፤ እንዲህ ጎንበስ ብሎ ማሰሮው ውስጥ ያየ አንድም ሰው አልነበረም። አንድ ሰው አይቶ ቢሆን ኖሮ እኔ እገረፍ ነበር፤ ከወንዙ ዳር ያለው ቤት ግን አይፈርስም ነበር።