የትከሻ ቃሬዛ

እኔ ቁጡ ነኝ፤ ሥራዬን የነቀፈብኝን ሰው ቶሎ አልምረውም። ያኔ በሱዳኖቹ አብዮት ጊዜ፣ ካርቱም ካላክላ ሰፈር ውስጥ በርና መስኮት እየበየድኩ ስኖር ግን፣ ምነው አንድ ሰው በነቀፈኝ!

አከራዬ፣ ሃጃ የምንላቸው ባልቴት፣ አንድ ልጅ ነበራቸው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ሰልፍ አያመልጠውም፤ ባገኘኝ ቁጥር "ያ ሐበሺ፣ መቼ ነው የምታገባው?" እያለ ያሾፍብኛል። አንድ ቀን የብየዳ ቤቴ ድረስ ከፍቶት መጣ። ሰልፍ ላይ የቆሰለ ሰው እሱና ጓደኞቹ በብርድ ልብስ ይዘው ሲሮጡ ብርድ ልብሱ ተቀዶ፣ ቁስለኛው በጭንቅላቱ አስፋልት ላይ ወድቆባቸዋል።

"አንድ ነገር ሥራልን፣ ያላ!" አለኝ።

ቃሬዛ ደግሞ እኔን ማን ያስተምረኛል? መኪና ከማይገባበት የወሎ መንደራችን አባቴን ጤና ጣቢያ ያደረስነው በቃሬዛ ነው። እኛ ዘንድ በሽተኛ የሚሄደው በትከሻ ነው፤ ሰውን እንደ ጆንያ ዝቅ አድርጎ ማንጠልጠል ነውር ነው። ረጃጅም ቱቦ ቆረጥኩ፣ ሸራ ወጠርኩ፣ ትከሻ እንዳይልጥ ጫፍ ጫፉን ስፖንጅ ጠቀለልኩበት። ለሙከራ ልጁን አስተኝተን ለአራት ተሸክመን ሰፈሩን ዞርን። እላይ ሆኖ "ሱልጣን ሆንኩ!" እያለ ይስቃል። ኮራሁ፣ ምን እዋሻለሁ።

በሳምንቱ ልጁ ሰልፍ ላይ ጭኑን በጥይት ተመታ። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ የሄድኩት ለአብዮት ሳይሆን ቃሬዛዬ ሲሠራ ለማየት ነው። ደሙ ያን ያህል አልነበረም፤ "ደህና ነኝ፣ ቀስ በሉ" ይለናል። አስተኛነውና ለአራት ትከሻችን ላይ አወጣነው። ዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ ከተኩሱ ጎንበስ ብሎ ይሮጣል። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ በላይ የሚታየው እሱ ብቻ ነበር። ይህ የገባኝ ሁለተኛው ጥይት ደረቱን ካገኘው በኋላ ነው። ቱቦው ትከሻዬ ላይ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ቦክሲ የሚሉት ፒክአፕ ላይ ስንጭነው ነፍሱ ወጥታ ነበር።

ለሃጃ ጥይቱ የት እንዳገኘው ነገርኳቸው። ለምን እንዳገኘው አልነገርኳቸውም።

ከቀብሩ ማግስት ቱቦዎቹን በብረት መቁረጫ ቆረጥኳቸው። ሸክሙን ትከሻ እንዲችለው፣ በሽተኛው ግን ከጉልበት በላይ እንዳይወጣ፣ ከትከሻ የሚወርድ ጠፍር አበጀሁ። ተኩስ ሲመጣ መሬት አስቀምጠውት አብረውት እንዲተኙ አጫጭር እግር በየድኩለት። ሠራ፣ ወላሂ ሠራ! ብዙ ቁስለኛ ወጣበት። አንድ ሰው በተረፈ ቁጥር ሌላው ሲደሰት እኔ ደሜ ይፈላል። ይህን ለማወቅ የሃጃ ልጅ መሞት ነበረበት?

ከአርባው በኋላ ሃጃ የብየዳ ቤቴ መጡ። ግድግዳ ላይ የተደገፈውን አዲሱን ቃሬዛ በእጃቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት።

"ይሄማ መሬት ለመሬት ነው" አሉ ቅር ብሏቸው። "የኔን ልጅ እንኳን በትከሻህ፣ ከፍ አድርገህ ነው የወሰድክልኝ፣ ያ ወለዲ። አላህ እጅህን ይባርከው።"

እጄን ይዘው ሳሙት። ልነጥቃቸው ፈልጌ አቃተኝ።

"አሚን" አልኩ።