ለፎቶ የማይቆም ሰንጠረዥ

አባቴና የክርስትና አባቴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አንድ ፎቶ ለማንሣት ያየሁት አበሳ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያበሽቀኛል። ብዙ አልጠየቅሁም። ሁለት ሽማግሌዎች፣ በመካከላቸው አንድ ሰንጠረዥ፣ በቃ።

ዘመኑ የጣልያን ነው። እኔ ደብረ ታቦር ገበያው ዳር፣ በአባቴ ቤት በረንዳ ላይ፣ የልብስ ስፌት መኪና አቁሜ እሠራ ነበር። ካሜራውን የሰጠኝ ሱቁን ዘግቶ ከከተማችን የሄደ አንድ ነጋዴ ነው፤ ካፖርት ሰፍቼለት በዚያ ለወጠኝ። ጥቁር ሣጥን ነው። ሆድ ላይ አስደግፈው፣ ከላይ በትንሽ መስኮት አጎንብሰው ያዩበታል። ፀሐይ ካላገኘ አይሠራም፤ ፊቱ ያለው ነገር ዝም ብሎ ካልቆመለትም አይሠራም። ሙሽራ ባነሣበት እንጀራ ይሆነኝ ነበር። የእኔ ዐመል ግን ሌላ ነው፤ ጨዋታ ማንሣት እወዳለሁ። ጋፋት ወርጄ ገበሬዎች ድንጋይ ላይ የፈለፈሉትን ገበጣ አንሥቻለሁ፤ ፀሐይ ዘቅዝቃ ጥላው ጉድጓዶቹን እስኪሞላ ቁጭ ብዬ ጠብቄ። እናቴ ትስቅብኝ ነበር። «ሰው የሰው ፊት ያነሣል፤ የእኔው ጉድ ጠጠር ያነሣል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ትለኛለች።

የሁለቱን ሽማግሌዎች ሰንጠረዥ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ቀይ ጨርቅ ላይ ጥቁር ጥብጣብ ቋሚና አግድም። ጠጠሮቹን፣ ንጉሡንም ፈረሱንም እግረኛውን መደቁንም፣ አባቴ ከበሬ ቀንድ የጠረቧቸው ናቸው። በገበያ ቀን የክርስትና አባቴ ከእብናት በኩል ካለው አገራቸው በበቅሎ ይመጣሉ፤ እህላቸውን ይሸጡና በረንዳው ላይ አጎዛ ተነጥፎላቸው ከአባቴ ጋር ይገጥማሉ። አላፊ አግዳሚው ይከባቸዋል። «ፈረሱን! ኧረ ፈረሱን!» የሚል፣ ጭራውን ሰንጠረዡ ላይ የሚወዘውዝ፣ ሳይጠየቅ የሚመክር ብቻ ነው።

ያስቸኮለኝ አንድ ነገር ነበር። በዚያ ክረምት መግቢያ የክርስትና አባቴ ሸራ ይዘው መጡና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዝናር ስፋልኝ። ጠበቅ አድርገህ» አሉኝ። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ዱር ሊገቡ ነው። ዱር ከገቡት መካከል የተመለሰ አላየንም ነበር። ስለዚህ ሳይሄዱ፣ ከአባቴ ጋር ሰንጠረዥ ላይ እንዳሉ፣ ላስቀራቸው ፈለግሁ።

መጀመሪያ ካሜራውን ሳወጣ ሁለቱም ብድግ አሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ በር ጠባቂ ይመስል ጎን ለጎን ቆሙ። ሰንጠረዡ እግራቸው ሥር ቀረ።

«ኧረ ቁጭ በሉ! ስትጫወቱ ነው የምፈልገው።»

«ቁጭ ብሎ ፎቶ የሚነሣ ሕመምተኛ ነው» አሉ አባቴ።

ለምኜ፣ ተለማምጬ አስቀመጥኋቸው። ጨዋታው ሲጀመር የካሜራውን ቁልፍ ነካሁት። ፊልሙ የሚታጠበው ጎንደር ነው፤ ለአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሰጠሁት። መኪናው ይፋግ ላይ ጭቃ ያዘው አሉ። ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ስንት ጊዜ ከጠበቅሁ በኋላ ፎቶው መጣ። ሁለት ፊቶች አሉ። ሰንጠረዡ ላይ ግን እጃቸው የጉና ጉም መስሎ፣ አንድ ጠጠር እንኳ አይለይም።

ጥፋቱ የካሜራው ብቻ አይደለም። የእኛ ሰንጠረዥ ሲጀመር ተራ የለውም። ሁለቱም ባንድ ጊዜ፣ እንዳሻቸው፣ ሰልፋቸውን እየገፉ ያሰናዳሉ፤ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ እጅ አያርፍም። ተራ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲያው መብል እስኪጀመር ልታገሥ አልሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብዬ ራሴን ሰደብሁ።

በሚቀጥለው ገበያ ታገሥሁ። የክርስትና አባቴ አንድ መደቅ በሉ፤ አባቴ አገጫቸውን ይዘው ማሰብ ጀመሩ። ሁሉ ነገር ቆመ። ብርሃኑ ግሩም ነበር። አጎንብሼ ልነካው ስል መስኮቱ ውስጥ የአባቴ መዳፍ ብቻ ታየኝ።

«ምነው አባዬ?»

«አሁን አታነሣም።»

«ለምን?»

«አንድ ጠጠር ጎድሎኛል። ሽንፈቴን ለልጅ ልጅ ልታሳይብኝ ነው?»

ሌላ ቀን ደግሞ አባቴ ሲመሩ አድብቼ መጣሁ። ያን ጊዜ የክርስትና አባቴ ጋቢያቸውን ሰንጠረዡ ላይ ጣሉበት። «የአበልጄን ጉራ ፎቶ ሳይጨመርበትም አልቻልሁት» አሉ። የከበባቸው ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ገባኛ! ማንም የማይሸነፍበት ጊዜ መጀመሪያው ብቻ ነው፤ ያኔ ደግሞ እጃቸው አይቆምም። እጃቸው ሲቆም አንዱ ይሸነፋል፤ የሚሸነፍ ሰው ደግሞ አይነሣም። እንዲህ ያለ ወጥመድ ውስጥ ምን ዓይነት ሥራ ፈት ይገባል?

«እሺ ሳትጫወቱ፣ እጃችሁን ጠጠሩ ላይ ብቻ አድርጋችሁ ቁሙልኝ» አልሁ ተስፋ ቆርጬ።

«ማስመሰል ነዋ! አላደርገውም» አሉ የክርስትና አባቴ። አባቴም በዚህ በዚህ ከእሳቸው ጋር አንድ ናቸው።

ጳጉሜ ሊገባ ሲል የክርስትና አባቴ ያለ ገበያ ቀን መጡ። በቅሎዋ ጭነት የላትም። ዝናሩን ጠቅልዬ ሰጠኋቸውና ካሜራዬን አነሣሁ። ሲጫወቱ አባቴ ክፉኛ ተያዙ፤ ንጉሣቸው ጥግ ገባ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታለች። ሳነጣጥር ያ መዳፍ ተመልሶ መጣ።

«አበልጄ፣ የዛሬን ይተዉት፤ ያንሣን» አሉ የክርስትና አባቴ። ድምፃቸው ቀልድ አልነበረበትም።

«ሳሸንፍዎ ያነሣናል።»

ትዕግሥቴ አለቀ። «አባዬ፣ አንድ ቀን ቢሸነፉ ምን ይጎድልብዎታል?» አልሁ ጮክ ብዬ። በአባቴ ላይ ድምፄን ከፍ ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነው። አባቴ ቀና ብለው አላዩኝም፤ መዳፋቸውንም አላነሡም። ከዚያ ደመናው ተመለሰ፣ ካፊያው ጀመረ፣ የክርስትና አባቴም ተነሡ።

«ቀሪውን ስመለስ እጨርስልዎታለሁ። ጠጠር እንዳይሰርቁኝ!»

«እንዳለ ይጠብቅዎታል» አሉ አባቴ።

እውነትም እንዳለ ጠበቃቸው። አባቴ ሰንጠረዡን ማንም እንዳያነሣው ከለከሉ። እናቴ ዶሮ እንዳያተራምሰው ሰፌድ ደፋችበትና በየቀኑ ስትጠርግ ዙሪያውን ትዞረው ጀመር። እኔ ባለፍሁ ቁጥር እናደዳለሁ፤ ሁለት ግትር ሽማግሌዎች!

መስቀል አለፈ። አንድ የእብናት እህል ነጋዴ ገበያ ሊወጣ መጥቶ ቤታችን ጎራ አለ። እንደ ወጉ ተቀምጦ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ ከዚያ ነገረን። የክርስትና አባቴ ከጣልያን ጋር ተታኩሰው ወድቀዋል። የተቀበሩትም እዚያው ነው። እናቴ እዬዬዋን ለቀቀችው። አባቴ ተነሥተው ወደ ጓሮ ሄዱ።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ስሰፋ አባቴ ወጡ። ፊታቸውን ታጥበዋል፤ የክት ነጠላቸውን ለብሰዋል። ሰፌዱን አንሥተው፣ ሰንጠረዡ ፊት በተለመደ ቦታቸው ተቀመጡ። ማዶ ያለውን አጎዛ በእጃቸው አቃኑት።

«ና አንሣኝ።»

«ሰንጠረዡን ላስተካክለው?» አልሁ።

«እንዳትነካው! እንዲሁ እንዳለ። ስሸነፍ አንሣኝ።»

አነሣሁ። የሚንቀሳቀስ እጅ አልነበረም፤ ጭራ የሚወዘውዝም፣ የሚመክርም የለም። ከዚያ ሁሉ ልፋት ጥርት ብሎ የወጣው እሱ ብቻ ነው። እያንዳንዱ መደቅ ይለያል፤ የጥብጣቡ ስፌት ሳይቀር ይታያል። ጌታዬ፣ እንዴት እንደጠላሁት! እኔ ለራሴ ያስቀረሁት ያን ጉም የመሰለውን ነው፤ እሱ ላይ ቢያንስ አራት እጅ አለ።

አባቴ ግን ጥርት ያለውን እንግዳ የሚቀመጥበት ክፍል ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። እንግዳ መጥቶ፣ «ምነው ብቻዎን ተነሡ?» ሲላቸው፣ ፎቶውን ቀና ብለው ያዩትና «ብቻዬን አይደለሁም። አበልጄ ያሸነፉኝ ዕለት ነው» ይላሉ።