አባቴ ቀይ የቀባው በራሪ መኪና

ይህ ታሪክ ለመጻፍ የሚበቃ መሆኑን እስካሁን እጠራጠራለሁ፤ ዋንጫ አላገኘንበትም፣ ጋዜጣ ላይም አልወጣንም። ግን ባለፈው ሳምንት በዩኒቨርሲቲያችን ወርክሾፕ በኩል ሳልፍ የመኪና ቀለምና የቲነር ሽታ አፍንጫዬን መታውና ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። የምንኖረው አቃቂ ነው፤ አባቴ ሳሪስ አንድ ጋራዥ ውስጥ ባትላሜራ ነበር፣ የተጋጨ መኪና እየቀጠቀጠ ወደ መልኩ ይመልስ ነበር። መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያባራ የሳይንስ መምህራችን ስለ ተማሪዎች የዲዛይን ውድድር ነገሩን፤ በራሪ መኪና ሥሩ፣ በጎማው ተንከባሎ ከመሬት ካልተነሣ ግን አይቆጠርም አሉ። እኔና የገላን ኮንዶሚኒየሟ ጓደኛዬ ሌንሳ ምሳችንን እንኳ ሳንበላ መሳል ጀመርን።

በጋውን ሙሉ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ግቢያችን ውስጥ ተቀምጠን፣ ከቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎም አካሉንና ክንፉን እየቆረጥን፣ የለስላሳ ቆርኪ ጎማ እያደረግን፣ የሌንሳን የፀጉር ላስቲክ ፊቱ ላይ ከገጠምነው ማራገቢያ ጋር እየጠመዘዝን ስንለቀው በአፍንጫው ይተከል ነበር። ሚያዝያ ላይ ግን አንድ ቀን ተንደረደረና ጉልበቴ ድረስ ተነሣ! ጩኸታችንን የሰማችው እናቴ እሳት የተነሣ መስሏት ባልዲ ውኃ ይዛ ወጣች።

ግንቦት ገባ። ውድድሩ ሁለት ቀን ሲቀረው አባቴ «ቀለም ላስነካው» ብሎ ጋራዥ ወሰደው። ሲመለስ ይዞት የመጣው ሌላ ነገር ነበር፤ ፎሙን በስስ ላሜራ አልብሶ፣ መጋጠሚያውን በስቱኮ ሞልቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ደማቅ ቀይ ቀብቶታል። ለእኔ ትምህርት ሲል እንዲህ ሲደሰት አይቼው አላውቅም ነበር።

ሌንሳ በሁለት እጇ አንሥታ መዘነችውና በጆሮዬ «ይሄማ ቦሎ ሊለጠፍበት ነው» አለችኝ። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ብነግረው ይከፋዋል፤ ዝም ካልኩ ደግሞ የስምንት ወር ልፋታችን መሬት ላይ ሊቀር ነው።

«እስቲ አብርሪልኝ፣ እማዬ» አለኝ አባቴ።

ለቀቅሁት። ሁለት ክንድ ያህል ተንከባሎ ቆመ።

«ቀለሙ ስላልደረቀ ነው» አልኩ።

«አትዋሺ። ከበደው፣ አይደል?»

«ግን ያምራል፣ አባዬ።»

ሳቀ። «ዕድሜዬን ሙሉ መኪና መሬት ቆንጥጦ እንዲይዝ ስለፋ ኖሬ፣ መብረርን ከየት ላምጣው?»

የላሜራ መቀሱን አወጣና ከሆዱ በኩል ሰንጥቆ፣ ፎሙ እንዳይሰበር ትንፋሹን ይዞ፣ ቀዩን ልብስ ራሱ አወለቀው።

የውድድሩ ቀን በሰማያዊ ቱታው መጥቶ ከኋላ ቆመ። መኪናችን የተቦጫጨቀ፣ ስቱኮ ተጣብቆበት የቀረ ነበር፤ አንዱ ዳኛ «ይሄ ተገጭቶ ነው?» ሲሉ አዳራሹ ሳቀ። ለቀቅነው። ተንደረደረ፣ ተነሣ፣ የዳኛውን ጉልበት መትቶ ወደቀ! ከሁሉ አብልጦ የጮኸው አባቴ ነበር። አራተኛ ወጣን።

ቀዩን ልብስ ጋራዡ በር ላይ ሰቀለው፤ ደንበኛ ሲጠይቀው «ልጄ ያስፈታችኝ ሥራ ነው» ይል ነበር። አሁን አንደኛ ዓመት ነኝ፣ ምሕንድስና ለመማር እየተዘጋጀሁ ነው፤ ከመሥራቴ በፊት ሁሉን እመዝናለሁ፣ ስሌቴም ብዙ ጊዜ ልክ ይመጣል። ያኔ ሚዛን አልነበረንም፤ የሚያከብድልኝ ሰው ግን ነበረኝ። ያንን ቀይ የላሜራ ልብስ ከበሩ አውርዶ ሻንጣዬ ውስጥ የከተተልኝ ወደ ዩኒቨርሲቲ የተነሣሁ ዕለት፣ ጥቅምት ስድስት ቀን ነው።