የውሻ መድኃኒት በድመት አንገት ላይ

ሰፈሩ «መርፌ» ይላታል። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ሰውን በነገር ጠቅ ማድረግም ታውቅበታለች። ጨርቅ ይዞ የመጣን ደንበኛ «በዚህ ቦርጭ ላይ ይሄን ቀለም ማን መከረህ?» ብላ ትመልሰዋለች። አንድ ጊዜ አግብታ ፈታለች። ለምን ሲሏት፣ «ተኝቶ ያንኮራፋል፣ ነቅቶ ይዋሻል» ትላለች።

እናቷ ሲሞቱ ቤቱ ለእሷና ለታናሽ ወንድሟ ቀረ። ወንድሟ ሚስቱን ይዞ በአንደኛው ወገን ገባ፤ እሷ ከነስፌት መኪናዋ በሌላኛው። ከዚያ ወዲህ መርፌና የወንድሟ ሚስት ሆድና ጀርባ ናቸው። አንዷ ሬዲዮ ስትከፍት ሌላዋ የስፌት መኪናዋን ታንቀጫቅጫለች። ወንድምየው ጭቅጭቅ ሲሸተው ጫማውን አጥልቆ ይወጣል።

መርፌ በለሰለሰ አንደበት የምታናግረው ድመቷን ብቻ ነበር። ድመቷ ቁርጥራጭ ጨርቅ በሞላው ካርቶን ውስጥ ትተኛለች፤ እንቅልፍ ሲወስዳት ጺሟና መዳፏ እርግብግብ ይላል፤ ሲጠሯት ትነቃለች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ መርፌ የኮት ገበር ስትሰፋ ድመቷ ከካርቶኑ ወጣች። ነቅታለች፤ ግን ጆሮዋ ይንቀጠቀጣል፣ የጀርባዋ ቆዳ ይርገፈገፋል። ልትራመድ ስትል የኋላ እግሮቿ ከዷት። ልጋጓ ይዝረበረባል።

መርፌ ወደ ወጥ ቤት ዘለቀች። የወንድሟ ሚስት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

«ምን አበላሻት?»

«የአንቺን ድመት የማበላበት ጊዜ የለኝም» አለች ቀና ሳትል።

መርፌ ድመቷ ከሞተች ይህ ቤት ሁለታቸውን እንደማይችል ነግራት፣ ድመቷን በፎጣ ጠቅልላ ወደ እንስሳት ሐኪሙ ሮጠች።

ሐኪሙ ችኮላ የማያውቁ ሽማግሌ ናቸው። መርፌ መርዘውብኛል ስትል ሰምተው፣ የድመቷን አንገት አሸተቱ። ጸጉሩ ተጣብቋል። የቁንጫ መድኃኒት እንደሚመስላቸው፣ ግን የትኛው እንደሆነ ማወቅ እንዳለባቸው ነገሯት። መርፌ ጥርሷን ነክሳ ለወንድሟ ደወለች። ስልኩ ከእሱ ወደ ሚስቱ እጅ ሲያልፍ የትኛውን መድኃኒት እንዳደረገችባት ጠየቀቻት።

ትንሽ ቆይቶ ሚስትየዋ ራሷ ባዶውን ብልቃጥ ይዛ ከተፍ አለች። ቁንጫው አልጋዋ ድረስ ገብቶ ሲበላት፣ ጎረቤት ለውሻው የገዛውን ጠብታ ተቀብላ ድመቷ አንገት ላይ አፍስሳባታለች።

«ልገድላት ብፈልግ ኖሮ ይዤው አልመጣም ነበር» አለች፣ መርፌን ሳይሆን ግድግዳውን እያየች።

«ብልቃጡ ላይ ውሻ ተስሏል። ዓይን የለሽም?»

ሐኪሙ ሁለቱንም ዝም አሰኙና ድመቷን መንቀጥቀጡን የሚያስታግስ መድኃኒት ወጓት፤ ከዚያ በለብታ ውሃና በሳሙና አጠቧት። ውሻ የሚችለውን መድኃኒት የድመት ሰውነት እንደማይችለው እየሠሩ አስረዱ።

«ተኝታ ብትወራጭ ሕልም ነው፤ ተያት» አሏት መርፌን። «ነቅታ ከተንቀጠቀጠች፣ ከተንገዳገደች፣ ወይ ልጋጓ ከወረደ ግን፣ ማን አደረገው ብለሽ ስትጣይ ትሞትብሻለች። መጀመሪያ አምጫት።»

ድመቷ እዚያው አድራ ዳነች። ሁለቱ ሴቶች ግን በየፊናቸው፣ አንዷ በዚህኛው አንዷ በዚያኛው የመንገድ ዳር፣ ወደ አንድ ቤት ተመለሱ። ይቅርታም ምስጋናም አልተሰማም። መርፌ በሯ ላይ ቁልፍ አስገጠመች። ከጥቂት ቀናት በኋላ የድመት የቁንጫ መድኃኒት፣ ገና ያልተከፈተ፣ ደጃፏ ላይ ተቀምጦ አገኘች። ማን እንዳስቀመጠው አልጠየቀችም። ለሐኪሙ ወስዳ ሳታሳይ ግን አልከፈተችውም።